የኋላው ከሌለ የለም የፊቱ

ይህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የፍቅርና የትዳር ጣጣ የሚስተናገድበት መሆኑን ታውቃላችሁ። የዛሬውም የትዳር ጉዳይ ነው ብል አልዋሸሁም። ልዩነቱ የኩርፊያው መነሻ ቅናት ወይም ገንዘብ ሳይሆን ጎማ መሆኑ ነው። አዎን፣ ጎማ! የመኪና ጎማ። "ኧረ በሞቴ፣ ይሄም ጉዳይ ሆኖ..." ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ ዛሬ ወይም ነገ የሰው መኪና ውስጥ መሳፈራችሁ አይቀርምና ነገሩ ይመለከታችኋል።

ጸሐፊው ባህር ዳር የሚኖር ወጣት ነው። ስሙንና ሰፈሩን አውጥተን፣ የረዘመውንም ቆረጥ ቆረጥ አድርገን እንዲህ አቅርበነዋል።

"ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

"እኔ የ29 ዓመት ወጣት ስሆን ነዋሪነቴ ባህር ዳር ነው። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ዕቁብ ወጣልኝና ትንሽ ተበድሬ ጨምሬበት አንዲት አሮጌ ቪትዝ ገዛሁ። መኪናዋን ስረከብ አራቱም ጎማዎቿ ያለቁ ነበሩ። እኔ ዘንድ የቀረችው ገንዘብ ደግሞ ከሁለት ጎማ አታልፍም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከ20 ዓመት በላይ አይሱዙ የነዳ፣ በመኪና ነገር በቤተሰቡ ዘንድ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ነው። እኔም ጋሼ ነው የምለው። 'አዲሱን ፊት አስገባ። መሪው የሚታዘዝህ በፊት ጎማ ነው፤ የኋላው ተጎታች ነው' አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ።

"ጉዱ የመጣው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ ወረታ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነው። ባለቤቴ ከጎኔ፣ አማቴና ልጃችን ከኋላ ነበሩ። ዝናቡ ያወርደዋል። ፍጥነቴ 70 ቢሆን ነው። ጉማራን አልፈን ወደ ሐሙሲት ስንቃረብ አንዲት ኩርባ ላይ ውሃ ተኝቶ ነበርና ፍሬኑን ነካ ባደርገው የመኪናዋ ኋላ ከእኔ ተለይቶ ሄደ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ተለይቶ ሄደ! መሪው እጄ ላይ እንዳለ መኪናዋ ዞራ፣ ፊቷን ወደ ወረታ መልሳ ከመንገዱ ዳር ጭቃ ውስጥ ቆመች። ከፊት የሚመጣ መኪና ስላልነበረ እግዚአብሔር ይመስገን አንዳችንም አልተጎዳንም። አማቴ ግን ልጄን በደረታቸው ለጥፈው እንደያዙ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። 'ልጄን የሰጠሁህ ልትገድላት ነው?' ነበር ያሉት።

"ከዚያን ቀን ወዲህ አማቴ መኪናዬ ውስጥ አይገቡም። ቤታችን የሚመጡት በባጃጅ ነው። ጋሼም 'ጎማው ምን አደረገ? አነዳድህ ነው' ብሎ ፈረደብኝ። ባለቤቴ አትናገርም እንጂ እሷም እንደ ወንድሟ እንደምታስብ ይገባኛል። እኔም መኪናዋን ከከተማ ማውጣት ትቻለሁ። አሁን እንደገና የሁለት ጎማ ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። ከፊት ያሉት ገና ግማሽ ዕድሜ አላቸው፤ የኋላዎቹ ግን መላጣ ሆነዋል። ጋሼ 'የፊቶቹን ወደ ኋላ አዙርና አዲሱን ፊት አስገባ' እያለ ነው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ 'ተው፣ አዲሱ ከኋላ ነው የሚገባው' ይለኛል። ለመሆኑ ያን ቀን ጥፋቱ የእኔ ነበር ወይስ የጎማው? አዲሱንስ የት ላስገባው? ጋሼን ሳላስቀይም ምን ማድረግ እችላለሁ?"

ደብዳቤው ይኸው ነው። መልሳችንን እነሆ።

ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ! ሐተታ ሳላበዛ ቁርጡን ልንገርህ። እንደ አንተ ዓይነት ትንሽ መኪና ላይ ሁለት ጎማ ብቻ ሲቀየር አዲሱ የሚገባው ከኋላ ነው። ጓደኛህ ልክ ነው። ሞተሩ የሚያሽከረክረው የፊቱን እግር ይሁን የኋላውን፣ መልሱ ያው ነው። እንደ ሚሽሊን ያሉ ስመ ጥር ጎማ አምራቾች የሚመክሩትም ይህንኑ ነው።

"እንዴት ተደርጎ! መሪውም ፊት፣ ሞተሩም ፊት፣ ፍሬኑም በብዛት የሚይዘው ፊት ሆኖ ሳለ?" ማለትህ አይቀርም። እውነቴን ነው የምልህ፣ ደብዳቤህ እንደደረሰኝ የማውቃቸውን ሦስት ጎሚስታዎች ጠይቄ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄዬን እንኳ ሳያስጨርሰኝ "ፊት ነዋ!" አለኝ። ሁለተኛው "ደንበኛው የት ይፈልጋል? እኛ እሱ ያለን ቦታ ነው የምንገጥመው" አለኝ። ሦስተኛው፣ በዕድሜም ከሁሉም የሚያንሰው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ፊቱ ቢያዳልጥህ ታውቀዋለህ። ኋላው ቢያዳልጥህ ግን የምታውቀው ካለቀ በኋላ ነው" አለኝ። የዛሬው ጽሑፌ በሙሉ የዚህች የልጁ አነጋገር ማብራሪያ ነው ብትለኝ አልቀየምም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። መኪናህ አስፋልቱን የያዘችው በአራት ቦታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ስፋት አንድ የሰው መዳፍ ቢያህል ነው። እንግዲህ ሚስትህን፣ ልጅህንና አማትህን የያዘች መኪና ነፍስ የተንጠለጠለው በአራት መዳፍ ነው ማለት ነው። አስፋልቱ ደረቅ ሲሆን መላጣው ጎማም ሊይዝልህ ይችላል። ዝናብ ሲመጣ ግን ሥራው የጥርሱ ይሆናል። ጎማ ላይ የምታያቸው ቦዮች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። ከጎማው ሥር የገባውን ውሃ ወደ ጎንና ወደ ኋላ አውጥተው ላስቲኩ አስፋልቱን እንዲነካ ያደርጋሉ። ቦዮቹ ሲያልቁ ውሃው መውጫ ያጣና ጎማውን ያነሳዋል። ያኔ ጎማው በአስፋልት ላይ ሳይሆን በውሃ ላይ ይሄዳል።

አንተ የጣና ዳር ልጅ ስለሆንክ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ያን ጊዜ መኪናህ የደንገል ታንኳ ሆነች ማለት ነው። ታንኳ ደግሞ ፍሬን የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ታንኳ የሆነው ፊቱ ከሆነ ምን ይፈጠራል? መሪውን ታዞራለህ፣ መኪናዋ ግን አልታጠፍ ብላ ወደ ፊት ትሄዳለች። ያስደነግጣል። ነገር ግን መሪው እጅህ ላይ ሲቀልልህ ወዲያው ይሰማሃል። ደንግጠህ ነዳጁን ስትለቅ መኪናዋ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ክብደቷም ወደ ፊት ይጫናል፣ የፊቱ ጎማም መልሶ መሬት ይይዛል። ማንም ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገው ነገር ራሱ መድኃኒት ይሆናል።

ታንኳ የሆነው ኋላው ከሆነስ? መሪው እጅህ ላይ አይቀልም፤ ምንም አይነግርህም። ፊቱ አስፋልቱን ጥርቅ አድርጎ ይዟል፣ ኋላው ግን ፊቱን ሊቀድም ይሮጣል። ያኔ ደንግጠህ ነዳጅ ስትለቅ ወይም ፍሬን ስትነካ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና አስቀድሞ የቀለለው ኋላ ይብሱን ይቀልላል። ማንም ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገው ነገር እዚህ ላይ መርዝ ይሆናል። ቪትዝ ደግሞ ሞተሯም ካምቢዮዋም ከፊት ስለሆነ ኋላዋ ከመጀመሪያውም ቀላል ነው። ጉማራ ማዶ ላይ የደረሰብህ ይኸው ነው። "ተለይቶ ሄደ" ያልከው ቃል ከማንም ሊቅ ማብራሪያ ይበልጣል።

"የፊቱ ጎማ ውሃውን እየጠረገ ስለሚሄድ ለኋላው መንገድ ያደርቅለታል" የሚሉም አሉ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትንሽ እውነትነት አለው። ኩርባ ላይ ግን የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ አይረግጥም፤ በራሱ መስመር፣ ባልተጠረገ ውሃ ላይ ነው የሚሄደው። መኪና ደግሞ የሚዞረው ኩርባ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የባህር ዳርን ነገር ማንሳት የግድ ነው። የእናንተ ከተማ በዓመት እስከ 1400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ የምታገኝ፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛውን በሐምሌና በነሐሴ የምትቀበል ከተማ ናት። ከከተማው ወጥተህ ዓባይን ተሻግረህ፣ በዘንዘልማ አድርገህ ሐሙሲትን ስታልፍ የፎገራ ሜዳ ይቀበልሃል። ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳ መሆኑን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ። ሩዝ ደግሞ ውሃ በተኛበት የሚወደው ሰብል ነው። ጉማራና ርብ ሲሞሉ በ1998 ዓ.ም ክረምት በዚያ አካባቢ ያደረሱትን ጎርፍ ታላላቆችህ ያስታውሱታል። ግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ቢሆን ሰፊና ለስላሳ ነው ተብሎ በዝናብ የሚበረርበት አይደለም። ለስላሳ መንገድ ፍጥነትን ይጋብዛል፤ ውሃና መላጣ ጎማ ደግሞ ፍጥነትን ይጠብቃሉ።

እንግዲህ "ጋሼ ተሳስቷል" ወደሚለው ልትሮጥ ነው አይደል? ቆይ፣ አትቸኩል። ጋሼ አልተሳሳተም። ጋሼ የተናገረው ስለ ሌላ መኪና ነው።

አይሱዙ ከኋላ በያንዳንዱ ጎን ጥንድ ጥንድ ጎማ አለው። አንዱ ቢፈነዳ ወይም ቢያልቅ ጎረቤቱ ይሸከምለታል። ከፊት ግን በያንዳንዱ ጎን አንድ ብቻ ነው። የተጫነ መኪና የፊት ጎማው ከፈነዳ መሪውን ከሾፌሩ እጅ ነጥቆ ገደል ሊከተው ይችላል። ስለዚህ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ዓለም ጥሩው ጎማ ፊት ነው የሚገባው። ይህ የጋሼ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ እንኳ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ የፊት ጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ3.2 ሚሊ ሜትር በታች መሆን የለበትም ሲባል ለሌሎቹ ጎማዎቻቸው ግን 1.6 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጋሼ ዕድሜ ልኩን ሲነዳ ይህን ሕግ ሳያነብ በራሱ ነፍስ ተምሮታል። ያንን ትምህርት ነው ወስዶ ቪትዝ ላይ የለጠፈው።

ሌላም ነገር ልጨምርልህ። ባህር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ አንተም በብስክሌት እንዳደግህ እገምታለሁ። ብስክሌት ላይ የኋላው ጎማ ቢንሸራተት እግርህን ጣል አድርገህ ትተርፋለህ። የፊቱ ከተንሸራተተ ግን በአፍንጫህ ትተከላለህ። ስለዚህ የብስክሌት ልጅም ሆነ የአይሱዙ ሾፌር ሁለቱም "ፊት ይበልጣል" ብለው ቢያምኑ አይፈረድባቸውም። የተማሩበት መሣሪያ ያስተማራቸው እውነት ነው። ባለ አራት እግሯ ትንሽ መኪና ግን የፊት እግሯ ቢያዳልጣት አትወድቅም፤ የኋላዋ ቢያዳልጣት ግን ትዞራለች። ልዩነቱ ይህ ነው።

"ጥፋቱ የማን ነበር?" ለሚለው ጥያቄህ ደግሞ ሳልሸነግልህ ልመልስልህ። ግማሹ የጎማው፣ ግማሹ የአንተ ነው። መላጣ ጎማ ከኋላ አድርጎ፣ ዶፍ ዝናብ ላይ፣ አራት ነፍስ ጭኖ 70 መሄድ ብዙ ነው። ፍሬን ደግሞ የሚያዘው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ነው። ኩርባ ውስጥ ከገቡ በኋላ ፍሬን መንካት የቀለለውን ኋላ "ሂድ" ብሎ እንደመሸኘት ነው። ጋሼ "አነዳድህ ነው" ሲል ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ነገር ግን ከኋላ ጥርስ ያለው ጎማ ቢኖር ኖሮ የአንተ ስህተት በድንጋጤ ብቻ የሚያልፍበት ዕድል ሰፊ ነበር። ጥሩ ጎማ ሾፌርን ጎበዝ አያደርግም። ስህተቱን ይቅር ይልለታል እንጂ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አላልፍም። የዛሬ ሁለት ዓመት አራቱም ጎማ አልቆ ሁለት ብቻ ስትገዛ፣ አዲሱን ፊትም ኋላም ብታደርገው መኪናዋ ለክረምት ጉዞ አልደረሰችም ነበር። መላጣ ጎማ ፊትም ኋላም ቦታ የለውም! "ሁለቱን የት ላድርግ?" የሚለው ጥያቄ የሚነሳው የሚቀሩት ሁለቱ ደህና ከሆኑ ብቻ ነው። አራቱም ካለቁ አራት ይገዛል፤ ገንዘቡ እስኪሞላ ድረስም መኪናዋ ከከተማ አትወጣም። ዘንድሮ ግን ዕድለኛ ነህ፤ የፊቶቹ ግማሽ ዕድሜ አላቸው። ስለዚህ የፊቶቹን ባሉበት ተዋቸው፣ መላጣዎቹን ጣላቸው፣ አዲሶቹን ከኋላ ግጠም። እንዲያውም ጎሚስታው የሚፈታልህ ሁለት ጎማ ብቻ ስለሆነ ሥራውም ይቀልላል።

ወደ ሱቅ ከመሄድህ በፊት እነዚህን ያዝ፦

አንደኛ፣ የጥርሱን ጥልቀት ለካ። የትንሽ መኪና አዲስ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ አለው። በብዙ አገር ሕግ መጨረሻው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። በቦዮቹ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች ታያለህ፤ ጥርሱ ከጉብታዎቹ እኩል ከሆነ ጎማው አብቅቶለታል። ለባህር ዳር ክረምት ግን እዚያ እስኪደርስ አትጠብቅ። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ በውሃ ላይ ያለው ጉልበት በጣም ይደክማል። መለኪያ ከሌለህ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃሃል።

ሁለተኛ፣ የጎማውን ልደት ጠይቅ። ጎማው ጎን ላይ በመጨረሻ አራት ቁጥር ተጽፎ ታገኛለህ። 2322 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያበራም አያታልልህ። ጥርሱ ያለቀውን ጎማ በስለት ቀርፀው አዲስ የሚያስመስሉም አሉና ቦዩ ውስጥ ጣትህን አስገብተህ ዳስሰው። የትንሽ መኪና ጎማ ለዚህ አልተሠራም።

ሦስተኛ፣ ሁለቱ ጎማዎች መንትያ ይሁኑ። ልካቸው ብቻ ሳይሆን ዓይነታቸውም አንድ ይሁን። በአንድ እግር ላይ ግራው አዲስ፣ ቀኙ አሮጌ ማድረግ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አራተኛ፣ አየሩን በሰው ግምት አታስሞላ። የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ጎን ላይ ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር አለ፤ ፊትና ኋላ የተለያየ ሊሆንም ይችላል። የጎደለ ጎማ በውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። "ጭነት እንዲችል ጨምርበት" የሚልህንም አትስማው።

አምስተኛ፣ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ጎማዎቹን ከፊት ወደ ኋላ አዘዋውር። እንደ ቪትዝ ፊቱን በሚያሽከረክር መኪና ላይ የፊቱ ጎማ ቶሎ ይበላል። ነገር ግን ልዩነቱ ትንሽ ሳለ ጀምረህ ካዘዋወርክ አራቱም አብረው አርጅተው አብረው ይሰናበታሉ፤ የሚቀጥለውም ግዢ አራት በአራት ይሆናል፣ የዛሬው ጭቅጭቅም አይነሳም። ጎማው ወደ ውስጥ በኩል ብቻ ከተበላ ደግሞ አላይመንት አሠራ። አለበለዚያ አዲሱንም ይበላዋል።

ይህ ምክር የማይመለከታቸውም አሉ። አራቱንም እግር ሁልጊዜ የሚያሽከረክሩ መኪኖች አራቱም ጎማቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የሚጎዳው ጎማው ሳይሆን ዲፈረንሻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ልካችሁን አንብቡ። ለምሳሌ የቮልስዋገን አይዲ 4 የኋላ ጎማ ከፊቱ ይሰፋል፤ ወደፊትና ወደኋላ ማዘዋወር አይቻልም። ባለ ባጃጆች ደግሞ ቢያንስ በዚህ አትጣሉም፤ ሁለት ጎማ ጎን ለጎን የሚገባው ከኋላ ብቻ ነው። የፊቷ አንዲት ጎማ ስታልቅ ግን "ትንሽ ትቆይልኝ" አትበሉ፤ መሪያችሁ እሷ ብቻ ናት።

አንድ ቀን እንደገና ኋላው ቢሸሽብህስ? ፍሬኑን አትርገጥ። ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ዓይንህን መሄድ የምትፈልግበት ቦታ ላይ ትከል፣ መሪውን ኋላው ወደ ሸሸበት አቅጣጫ በቀስታ መልስ። ወደ ቀኝ ከሸሸ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሸሸ ወደ ግራ። ሲጻፍ ቀላል ነው፤ ሲደርስ ግን ጊዜው የዓይን ጥቅሻ ነው። ለዚህም ነው ጎበዝ ሾፌር ከመሆን ጎማውን አስቀድሞ ከኋላ ማድረግ የሚቀለው።

አሁን ወደ ቤትህ ጉዳይ እንመለስ። ከጎማው ይልቅ የከበደህ ይኸኛው እንደሆነ ከደብዳቤህ አንብቤአለሁ።

ለጋሼ ይህን ጋዜጣ ይዘህ ሄደህ "ተሳስተሃል፣ እዚህ ተጽፏል" እንዳትለው! ከ20 ዓመት በላይ መሪ የያዘን ሰው በጋዜጣ ማሳጣት ነውር ነው፤ ጥቅምም የለውም። ይልቅ እንዲህ በለው፦ "ጋሼ፣ ለአይሱዙ ያልከው እውነት ነው፤ ኋላው ጥንድ ስለሆነ ፊቱ ይበልጣል። የእኔ መኪና ግን ኋላዋ ነጠላም ቀላልም ናት፤ ያን ቀንም የከዳችኝ በኋላዋ ነው። ጎማውን ስገዛ አብረኸኝ ሂድና ምረጥልኝ።" የጎማውን ልደት እሱ ያንብብ፣ ላስቲኩን እሱ ይዳስስ፣ ዋጋውንም እሱ ይከራከር። የት እንደሚገባ አንተ ወስን፤ ምን እንደሚገባ እሱ ይወስን። የሰው ክብር የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ደግሞም በልብህ አስበው፤ ጋሼ "አነዳድህ ነው" ያለው እህቱም እናቱም የእህቱም ልጅ በዚያች መኪና ውስጥ ስለነበሩ፣ ምክሩም የራሱ ስለነበር ይሆናል። ፈርቶ የተቆጣ ሰው ነው።

ለባለቤትህ የሆነውን ሁሉ እንዳለ ንገራት። የጎማውንም፣ የፍጥነቱንም። "ግማሹ የእኔ ነበር" የምትል አንዲት ቃል ከአንደበትህ ስትወጣ ዝምታዋ የሚከፈት ይመስለኛል። እሷ ስትጠብቅ የቆየችው ስለ ጎማ ትምህርት አይደለም።

ለአማትህ ግን ስለ ጎማ አንድም ቃል እንዳትተነፍስ። እሳቸው የልጅ ልጃቸውን በደረታቸው ለጥፈው የዞሩ እናት ናቸው። የጥርስ ጥልቀት ብትነግራቸው ማሳበቢያ ነው የሚመስላቸው። ጉልበታቸውን ስመህ "እማዬ፣ ያን ቀን አስደነገጥኳችሁ፣ ይቅር ይበሉኝ" በላቸው። ከዚያ በወሩ በ23 ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ጊዮርጊስ አድርሼ ልመልስዎ ብለህ ለምናቸው። ከዘንባባው ሥር ቀስ እያልክ፣ በ30 ንዳ። እምቢ ካሉህም አትቀየም፤ በሚቀጥለው ወር ደግመህ ለምን። የፈራ ልብ እንደ ጎማ በአንድ ቀን አይቀየርም።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬውን እንቋጭ። መኪና ያላችሁ ሐምሌ ሳይገባ ዛሬውኑ ወርዳችሁ የኋላ ጎማችሁን ተመልከቱ፤ ፊቱንማ መሪ ስታዞሩ ሁልጊዜ ታዩታላችሁ። መኪና የሌላችሁ ደግሞ ለቅሶም ይሁን ሠርግ ሰው መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ኋላው ጎማ ጎንበስ በሉ። መላጣ ከሆነ "እኔ በሌላ እመጣለሁ" ማለት ነውር አይደለም። ዞሮ ዞሮ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት እናቶችና ሕፃናት ናቸው። አበው "የኋላው ከሌለ የለም የፊቱ" ያሉት ስለ ጎማ ባይሆንም ለጎማም ይሠራል።

ጠያቂያችን ሆይ፣ አማትህ መኪናህ ውስጥ የገቡ ቀን ጻፍልን። ለሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር ሰንብቱ!